ጆርጂያ ዘውዱን እንዴት አጣች

በሐምሌ 2025 የሴቶች የቼስ የዓለም ዋንጫ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በምትገኘው የጆርጂያ ከተማ ባቱሚ ተካሄደ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ሕንዳውያን ነበሩ፤ የ38 ዓመቷ ኮኔሩ ሃምፒና የ19 ዓመቷ ዲቭያ ዴሽሙክ። ዋንጫውን ታናሺቱ ወሰደች። ከአስተናጋጇ አገር ተጫዋቾች ብዙ የዘለቀችው ናና ዛግኒዜ በሩብ ፍጻሜው በቻይናዊቷ ሌይ ቲንግጂ ተሸንፋ ተሰናብታ ነበር። እሷም ያኔ 38 ዓመቷ ነበር።

ነገሩ ሌላ አገር ላይ ሆኖ ቢሆን ዜና አይሆንም። ጆርጂያ ግን ሌላ ናት። ከ1962 እስከ 1991 ድረስ ለ29 ዓመት የሴቶች የዓለም ሻምፒዮንነት ከሁለት ጆርጂያውያን እጅ አልወጣም። መጀመሪያ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ 16 ዓመት ያዘችው፤ ቀጥላ ማያ ቺቡርዳኒዜ ከኖና ነጥቃ 13 ዓመት ቆየችበት። ዘውዱን ሊነጥቁ ከተቀመጡት መካከል እንኳ ናና አሌክሳንድሪያና ናና ዮሴሊያኒ የዚያው አገር ልጆች ነበሩ። ሕዝቧ በዚያን ጊዜ 5 ሚሊዮን ገደማ የነበረች ትንሽ ሪፐብሊክ ናት እንግዲህ ይህን ያደረገችው። ከ1991 ወዲህ ግን አንዲትም ጆርጂያዊት ዘውዱን አልጫነችም።

ሴቶች በቼስ ውድድር ለምን ያንሳሉ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር እኔ ወደዚች አገር ነው የማየው። ዛሬ በዓለም አቀፉ የቼስ ፌዴሬሽን (ፊዴ) መዝገብ የችሎታ መለኪያ ነጥብ ካላቸው ተጫዋቾች ሴቶቹ ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል፤ የግራንድማስተርነት ማዕረግ ካገኙት 2 ሺህ ገደማ ሰዎች መካከል ሴቶቹ 50 አይሞሉም። ይህን ቁጥር የሚያይ ሰው ጥያቄውን የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው። የጭንቅላት ጉዳይ ነው የሚል አለ፤ ሴቶች አይወዱትም የሚል አለ፤ ባህል ነው ብሎ የሚገላገልም አለ። ሦስቱም ጆርጂያ ላይ ሲደርሱ ይቸገራሉ። የጆርጂያ ሴቶች ጭንቅላት በ1962 አልተሻሻለም፤ በ1991ም አልደነዘዘም። ስለ ባህሉ ጋዜጠኞች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፦ ድሮ የጆርጂያ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ ከያዘችው ዕቃ መካከል የቼስ ገበታ ነበረበት ይባላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ነገር ግን ልማዱ ከጥንት የነበረ ከሆነ ሻምፒዮኗ እስከ 1962 የት ቆየች?

የጭንቅላቱን ነገር በአጭሩ ላንሳውና ልለፈው። አሜሪካዊው የቼስ ተጫዋች ቦቢ ፊሸር በ1962 በወጣ ቃለ መጠይቁ ለየትኛዋም ሴት አንድ ፈረስ ትቼላት ብጫወት አሸንፋታለሁ ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ነው የ21 ዓመቷ ኖና የወቅቱን ሻምፒዮን ኤሊሳቬታ ቢኮቫን አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ 9 ለ 2 ረትታ ዘውድ የጫነችው። ከዚህ የሚሻለው ማስረጃ ግን ስሌቱ ነው። በ2009 ተመራማሪው መርም ቢላሊችና ባልደረቦቹ የጀርመንን ፌዴሬሽን መዝገብ አገላብጠው ነበር፤ 120 ሺህ ገደማ ተጫዋቾች አሉበት፤ ለአንዲት ሴት 16 ወንድ ማለት ነው። 16 እጥፍ ከሚበልጥ ሕዝብ የሚወጣው አንደኛ፣ በችሎታ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ፣ ከትንሹ ወገን ከሚወጣው አንደኛ መብለጡ የሚጠበቅ ነው። ሰዎቹ እንዳሰሉት በ100 ምርጥ ወንዶችና በ100 ምርጥ ሴቶች መካከል ያለው የነጥብ ልዩነት 96 በመቶው በቁጥር ብዛት ብቻ ሊገለጽ ይችላል። ስሌቱን የተከራከሩበት ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ክሪስቶፈር ቻብሪስና ማርክ ግሊክማን በአሜሪካ መዝገብ ላይ ያገኙት ነገር ወደዚያው ያመለክታል፦ ሴት ልጆች ከጀማሪዎቹ ቢያንስ ግማሽ በሆኑባቸው አካባቢዎች በወንድና በሴት ጀማሪዎች መካከል የነጥብ ልዩነት አልታየም።

እንግዲህ ጥያቄው ለምን ይሸነፋሉ መሆኑ ቀርቶ ለምን የሉም ይሆናል።

እዚህ ላይ ስነ ልቦናው ይመጣል፤ እኔ እንደሚመስለኝም ከሚገባው በላይ ይጮኻል። በ2008 የታተመ አንድ የጣልያን ጥናት 42 ጥንድ ተጫዋቾችን በኢንተርኔት አጋጥሞ፣ ሴቶቹ ባላጋራቸው ወንድ መሆኑን ሲያውቁ ውጤታቸው በግማሽ እንደወረደ አገኘ። ይህ ወሬ ዓለምን ዞረ። በ2018 ተመራማሪው ቶም ስታፎርድ ከ5 ሚሊዮን በላይ የውድድር ጨዋታዎችን ሲመረምር ግን ሴቶች ከወንዶች ጋር ሲጋጠሙ ነጥባቸው ከሚተነብየው በመጠኑ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አየ። ይህ ብዙም አልተወራም። በውድድር የቀረችውን ሴት ወንድ አያስፈራትም ማለት ነው፤ ፈሪዋን ፍለጋ መዞሩ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። መታየት ያለባት የሄደችዋ ናት።

የምትሄደው ለምን እንደሆነ ለማየት ጨዋታው ከየት እንደሚገኝ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዳማ የት ነው የሚለመደው? ታክሲ ተራ ላይ፣ ጋራዥ በር ላይ፣ ሊስትሮው አጠገብ። ካርቶን ላይ መስመር ይሰመራል፤ የአንዱ ቆርኪ በደረቱ፣ የሌላው በጀርባው ይደረደራል። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ አስተማሪ ነው፤ ይስቃል፣ ይሰድባል፣ «ብላው እንጂ!» ይላል። አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሁለት ክረምት እዚያ ከቆመ ሳይከፍል ተምሮ ይወጣል። ሴት ልጅ በዚያ ታልፋለች እንጂ አትቆምም፤ ብትቆም የሚጠራት ብዙ ነው። ቼስም በሌላው ዓለም እንዲሁ ነው። በኒውዮርኩ ዋሽንግተን ስኩዌር የድንጋይ ገበታዎች፣ በቡዳፔስቱ ሴቼኒ ፍል ውሃ እስከ ደረታቸው ተነክረው የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ዘንድ፣ በሞስኮ መናፈሻዎች ያለው ወንበር በአመዛኙ የወንድ ነው። ወንድ ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት አለው፦ መንገዱና ክለቡ። ሴት ልጅ ያላት ክለቡ ብቻ ነው። ክለቡ በተዘጋ ጊዜ ወንዱ ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ እሷ የምትመለስበት የላትም። የሴቶች ቼስ ከወንዶቹ ይልቅ ባለሥልጣንና በጀት ላይ የተንጠለጠለው፣ ሲወድቅም ፈጥኖ የሚወድቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ጆርጂያ ያንን ክለብ እንዴት እንደሠራችው ዝርዝሩ ያስተምራል። ኖና የምዕራብ ጆርጂያዋ የዙግዲዲ ከተማ ልጅ ናት፤ ቼስን የለመደችው ከወንድሞቿ ነው። በዚያ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ጥሩ የሰፈር ተጫዋች ሆና ታረጅ ነበር። ገና በ12 ዓመቷ አካባቢ ቫክታንግ ካርሴላዜ የሚባል አሠልጣኝ ዓይን ገባችና ዘመድ ቤት ተቀምጣ እንድትሠለጥን ወደ ተብሊሲ መጣች። እዚህች ቀላል በምትመስል ነገር ውስጥ ምን ያህል ነገር እንዳለ ልብ ይሏል። ሥራው ልጆችን ማሠልጠን የሆነ፣ ደመወዙን መንግሥት የሚከፍለው ሰው አለ። ክፍለ አገር ድረስ የሚዘረጋ የልጆች ውድድር አለ። ልጃቸውን ለቼስ ብለው ወደ ዋና ከተማ የሚሰዱ ወላጆች አሉ፤ ምክንያቱም ቼስ በሶቪየት ኅብረት የሚያበላ ሙያ ነበር። ሶቪየቶች ይህን ያደረጉት ለሴቶች አዝነው አይደለም፤ ከምዕራቡ ጋር የያዙት ፉክክር ነበር። ሆኖም ጎበዟ ልጅ ከእንጀራዋና ከጨዋታዋ እንድትመርጥ አልተገደደችም።

ከዚያ በኋላ ምሳሌነቱ ሥራውን ጀመረ። ለሴት ልጆች ኖና የሚል ስም ማውጣት በዛ። በ1973 ተብሊሲ መሃል የቼስ ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ ዛሬ በእሷ ስም ይጠራል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካጠለቀች በኋላ በቆጂ ውስጥ የሆነውን እናውቃለን። ነገር ግን በቆጂም ቢሆን ምሳሌዋን ያየችው ልጅ በማግሥቱ ጠዋት የምትሄድበት አሠልጣኝ ነበራት። አርአያ ብቻውን ሜዳሊያ አምጥቶ አያውቅም።

ኖና ከሴቶች ጋር ብቻ ተጫውታ የኖረች እንዳይመስል ላክል። በ1977 አሜሪካ ሎን ፓይን በተደረገው ብርቱ ውድድር ከሦስት ወንዶች ጋር አንደኝነቱን ተጋርታለች፤ በማግሥቱ ዓመትም በሴቶች ታሪክ የመጀመሪያዋ ግራንድማስተር ሆነች። ኔትፍሊክስ በ2020 ባወጣው «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» በተባለው ተከታታይ ፊልም ግን የመጨረሻው ክፍል ላይ ስሟ ተጠርቶ ከወንዶች ጋር ተጋጥማ እንደማታውቅ ተነገረ። በ80 ዓመቷ ከሰሰቻቸው፤ ክሱም ከዓመት በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ስለ አንዲት ልብ ወለድ ሴት የተሠራ ፊልም እውነተኛይቱን ሴት ሲያሳንስ ማየት ያስቃልም ያናድዳልም።

ጆርጂያ የሠራችው የክለብ ቤት እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። የጆርጂያ ሴቶች ጣሪያ የሴቶች ዘውድ ነበር፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ ነጥባቸውም እዚያው ሲዞር ይኖራል። ይህ ችግር በ1987 አስቀያሚ መልክ ይዞ ወጣ። ፊዴ የሴቶች ነጥብ ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ብሎ ቀርቷል ብሎ ለንቁ ሴት ተጫዋቾች በሙሉ 100 ነጥብ ሲጨምር፣ ከወንዶች ጋር መጫወት ለምዳለች በሚል አንዲት ሃንጋሪያዊት ብቻ ተለየች፤ ዙዛ ፖልጋር። በአንድ ሌሊት የሴቶች አንደኝነቷን አጣች፤ ቦታዋን የያዘችውም ማያ ቺቡርዳኒዜ ነበረች። ማያ ራሷ በዚህ ጥፋት የለባትም፤ ግን የሴቶች ክፍል ተጫዋቹን እንደሚያኖር ሁሉ ሊያጥርም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። የዙዛ ታናሽ ዩዲት ለሴቶች ዘውድ ተወዳድራ አታውቅም፤ በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር ሆና የፊሸርን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2005 ከዓለም 8ኛ ደረሰች፤ የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭንም በ2002 አሸንፋዋለች። ይሁን እንጂ ፖልጋሮች የመንግሥቱን ክለብ የተኩት በቤታቸው ነው። አባትየው ላስሎ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ፣ ከባለሥልጣናቱ ጋር ተጣልቶ፣ የቤተሰቡን ኑሮ በሙሉ በዚያ ላይ አዋለው። ይህን ማን ይደግመዋል? ዩዲት በ2014 ካቆመች ወዲህ ከዓለም ምርጥ 10 ውስጥ የገባች ሴት አልታየችም።

ወደ ጆርጂያ ልመለስ። 1991 ሁለት ነገር በአንድ ዓመት አመጣ። በሚያዝያ ነጻነት ታወጀ፤ በታኅሣሥ ተብሊሲ መሃል ሩስታቬሊ ጎዳና ላይ መድፍ ተተኮሰ። በዚያው ዓመት ማኒላ ላይ ማያ ለ20 ዓመቷ ቻይናዊት ሼ ጁን ዘውዱን አስረከበች። ብዙ ሰው ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ አይገናኙም። ማያን ያሸነፋት የቻይና ዝግጅት ነው እንጂ የጆርጂያ ውድቀት ገና አልደረሰም ነበር። ምልክቱም ይኸው፦ መብራት በሌለባቸውና ዳቦ በሰልፍ በሚገኝባቸው በእነዚያ ዓመታት የጆርጂያ ሴቶች በ1992፣ በ1994ና በ1996 ሦስት ተከታታይ የቼስ ኦሊምፒያድ (የአገራት ቡድኖች ውድድር) ወርቅ ወሰዱ። አገር እየነደደ ወርቅ የመጣው ቀድሞ ከተሞላው ጎተራ እየተዘገነ ነው፤ ጎተራውን የሚሞላው ሰው ግን ሄዷል። የአሠልጣኝ ደመወዝ ምንም የማይገዛ ወረቀት ሆነ። ከ1992ቱ ባለወርቆች አንዷ ኬቴቫን አራካሚያ በኋላ ስኮትላንድ ኖረች፤ ለስኮትላንድም ተጫወተች። ሩሱዳን ጎሌቲያኒ አሜሪካ ገብታ በ2005 የአሜሪካ ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ጆርጂያ ሌላ ወርቅ ለማየት እስከ 2008 ድሬስደን ጠበቀች፤ ያኔም አንደኛው ገበታ ላይ የተቀመጠችው የ47 ዓመቷ ማያ ቺቡርዳኒዜ ነበረች። ወጣቶቹ ደካሞች አልነበሩም፤ ከጎኗ የ21 ዓመቷ ዛግኒዜ አለች። ግን 17 ዓመት ሙሉ አንደኛውን ገበታ የሚረከብ አለመገኘቱ ይናገራል። በ2022 ቼናይ ላይ ብር አግኝተዋልና ጆርጂያ ጠፋች ማለት አልችልም። ወረደች፤ ዝግ ብላ ወረደች። ባቱሚ ላይ ብቻዋን የቀረችው ዛግኒዜም ከ17 ዓመት በፊት ወጣት ተብላ የተቆጠረችዋ ናት።

ቻይና በበኩሏ ያደረገችው ብልሃት ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ማሌዥያዊው ባለሀብት ታን ቺን ናም ያበረታቱት ዕቅድ መነሻው ሴቶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ጋ ፉክክሩ የሳሳ ስለነበረ ፈጥኖ መውጣት እንደሚቻል አስበውታል። ስሌቱ ለሴቶች ክብር ከመስጠት የመጣ አይመስለኝም፤ ውጤቱ ግን እነሱን ጠቀመ። ከወንዶቹ ምርጥ የነበረው ዬ ጂያንግቹዋን የሼ ጁን አሠልጣኝ ሆኖ ተመደበ። በ1998 የሴቶች ኦሊምፒያድ ወርቅ መጣ፤ የወንዶቹ እስከ 2014 ቆየ። ጆርጂያ የፈረሰባትን ቤት ቻይና አይታ ገልብጣ ሠራችው ማለት ይቻላል።

ቤት በሌለበት ልጅቱ የምትጠፋው መቼ ነው? በ8 ዓመቷ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ሴቶቹም ወንዶቹም ያሸንፋሉ፤ ይጫወታሉ፤ ያለቅሳሉ። የሚጠፉት በ12ና በ18 መካከል ነው። ነጥብ ለማሳደግ ክፍት ውድድር መሄድ ግድ ነው፤ 9 ዙር፣ ብዙ ጊዜ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር፣ አንዱ ጨዋታ 4ና 5 ሰዓት እየፈጀ አንዳንዴ ሌሊት የሚያልቅ። የ15 ዓመት ወንድ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይሄዳል። የ15 ዓመት ሴት ልጅን ከወንድ አሠልጣኝ ጋር ብቻዋን የሚሰድ ወላጅ ስንት ነው? እናት ወይም አባት ይከተላል፤ ቲኬቱ ሁለት ይሆናል፤ አልጋው ሁለት፤ ከሥራ የሚቀረው ቀንም አለ። በዓመት አራት ውድድር የነበረው ሁለት ይሆናል፤ በ18 ዓመታቸው ነጥባቸው ሲታይ ልዩነቱ እንደ ተፈጥሮ ይቆጠራል።

የወላጆቹ ስጋት ደግሞ ከአየር የተፈጠረ አይደለም። በነሐሴ 2023 ፈረንሳይ ውስጥ ሴት ተጫዋቾች በቼሱ ዓለም ስለሚደርስባቸው ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት ግልጽ ደብዳቤ አወጡ፤ ፈራሚዎቹ ከመቶ አለፉ። የባቱሚዋ አሸናፊ ዲቭያም ገና በ18 ዓመቷ፣ በጥር 2024 ሆላንድ ቪክ አን ዜይ ላይ ተጫውታ ስትመለስ፣ ተመልካቹ ከጨዋታዋ ይልቅ ልብሷን፣ ፀጉሯንና አነጋገሯን እንደሚያወራ በአደባባይ ጻፈች።

ታዲያ የሴቶች ውድድርና የሴቶች ማዕረግ ይቅር የሚሉ አሉ። የሴቶች ግራንድማስተርነት በ2300 ነጥብ ይገኛል፤ ያለ ጾታ የሚሰጠው 2500 ይጠይቃል፤ ይህ ራሱ ስድብ ነው ይላሉ። እንደ ክብር ካየነው እውነታቸውን ነው። እኔ ግን እንደ ደመወዝ ነው የማየው። በ2023 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ የሽልማት ድምር 500 ሺህ ዩሮ ነበር፤ ጾታ የማይለየው የዓለም ሻምፒዮና 2 ሚሊዮን። ሩቡም ቢሆን ያ ገንዘብ ባይኖር 20 እና 30 ሴቶች በቼስ ብቻ የሚኖሩበት መንገድ አይኖርም። ሁ ይፋንን የመሰለች እንኳ፣ በ14 ዓመቷ ግራንድማስተር፣ በ16 የዓለም ሻምፒዮን የሆነች፣ ኦክስፎርድ ገብታ ተማረች፤ በ26 ዓመቷም ሼንዘን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች። ከተሻለ ኑሮ ማን ይከለክላታል?

አሁን ተራው የሕንድ ይመስላል። ሴቶቿ በ2024 ቡዳፔስት ላይ የኦሊምፒያድ ወርቅ ወሰዱ። ሃምፒ ስትጀምር አባቷ የመምህርነት ሥራውን ትቶ አሠለጠናት፤ በ15 ዓመቷ ግራንድማስተር ሆና የዩዲትን የሴቶች የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች፤ የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ ኦኤንጂሲ ቋሚ ሠራተኛ አድርጎ ይዟታል። በወሊድ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ተመለሰችና በ2019 የፈጣን ቼስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2024 ደገመችው። ሌላዋ ሕንዳዊት ሃሪካ ድሮናቫሊ በ2022 ኦሊምፒያድ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ሳለ ተጫውታ ከቡድኗ ጋር ነሐስ አግኝታለች፤ በዚያው ወር ወለደች። እነዚህ ሴቶች ስላልሄዱ ነው ዲቭያ የምትቀድማቸው ሰዎች ያገኘችው።

ይሁንና ዲቭያ ባቱሚ ላይ ባገኘችው ድል የሕንድ 88ኛ ግራንድማስተር ሆነች፤ ከ88ቱ ሴቶቹ 4 ናቸው። ደመወዙን፣ ክብሩንና አርአያውን ያገኙት እነዚህ አራቱ ናቸው እንጂ ከታቻቸው ያለችው የ14 ዓመት ልጅ ገና አላገኘችውም። ሕንድ ውስጥ ለ8 ዓመት ልጆች ውድድር ሞልቷል፤ ለሻምፒዮኖችም ሥራ አለ። መካከሉን፣ ሁለተኛውን ቲኬትና ሁለተኛውን አልጋ፣ አሁንም የሚከፍለው አባት ነው።